የማርሊስ ሰባ ሺህ ማይል

ካርዱ የመጣው ከመብራት ሂሳብና ከአንድ የዘር መሸጫ መጽሔት ጋር ታጭቆ ነው። ማርሊስ ኦስትሩድ ፖስታውን በጥርሷ ቀደደችና ሰማያዊዋን ካርድ በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ኩሽናውን ሦስት ጊዜ ዞረችው፤ በስድሳ ስምንት ዓመቷ፣ በካልሲዋ፣ ፒክል የሚባለው ውሻዋ ከኋላ ከኋላዋ እየሮጠ።

"ዱዌይን! መጣልን!"

"ምኑ?" አለ ባሏ።

"ኒውዚላንድ ነዋ!"

ዱዌይን ዓይኑን ከጋዜጣው ሳያነሳ "በረንዳ ላይ ከሆነ ጫማውን አውልቆ ይግባ" አለ። አርባ አራት ዓመት አብረው ሲኖሩ ሰውየው እንዲሁ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያንን ክሬዲት ካርድ ያወጣ ሰው በሦስት ወር ውስጥ አራት ሺህ ዶላር ከገዛበት አየር መንገዱ ሰባ ሺህ ማይል ይመርቅለታል። ማይል ገንዘብ አይደለም፤ ዳቦ አይገዛም፣ ቤት አይከራይም። አውሮፕላን ላይ ወንበር ግን ይገዛል። ሰባ ሺሁ አንድ ሰው ከሚኒያፖሊስ ኒውዚላንድ አድርሶ ይመልሳል። ደግሞ ቀልድ የለም፤ ከአራት ሺሁ አንድ ዶላር ከጎደለ፣ ወይም ሦስት ወሩ በአንድ ቀን ካለፈ፣ ምራቂው ቀረ፤ ደህና ዋሉ።

ማርሊስ ኒውዚላንድ ምን አላት ብትሉ ኖሊን አለቻት። ማርሊስ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለች መምህሯ ለክፍሉ ተማሪ ሁሉ የሩቅ አገር ልጆች አድራሻ አደሉ። ሌሎቹ አንድ ሁለት ደብዳቤ ጽፈው ተዉት። ማርሊስና ኖሊን ግን ይኸው ሃምሳ ሰባት ዓመት፣ በየወሩ፣ አንድም ወር ሳይዘሉ። የመጀመሪያ ፍቅራቸውን ተጻጽፈዋል፣ ሠርጋቸውን ተጻጽፈዋል፣ የኖሊን ባል የሞተ ጊዜ ማርሊስ በሳምንት አራት ደብዳቤ ልካለች። ፊት ለፊት ግን ተያይተው አያውቁም። የኖሊንን የበግ እርሻ ማርሊስ ከራሷ ጓሮ እኩል ታውቀዋለች፤ በተለይ ያችን የኩሽና መስኮት፣ ከመስኮቷ ባሻገር ያለችውን ነፋስ ያጎበጣት ዛፍ፣ ከዛፏ ሥር የሚተኛውን ሽማግሌ በግ። በጋው ሲያልቅ የመጣው ደብዳቤ ግን እንዲህ ይላል፦ "ማርሊስዬ፣ ጉልበቴ እምቢ አለኝ፤ ልጆቹም እርሻ አይፈልጉም። በመጋቢት እሸጠዋለሁ። አንቺ ሳታያት መስኮቴ ላይ ሌላ ሰው ሊቆምባት ነው።"

ማርሊስ አንብባ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ከዚያ ተናፍጣ "እሄዳለሁ!" አለች። ትኬቱን በገንዘብ እንዳትገዛ በዚያው በጋ የቤቱ ጣሪያ ተቀይሮ ኪሳቸውን አራግፎታል። ስለዚህ በማይል ነው።

"አንቺ ሂጂ" አላት ዱዌይን፤ "እኔ እንደሆንኩ ከመሰላል ሦስተኛው እርከን በላይ አልወጣም። እኔና ፒክል ቤት እንጠብቃለን።" ይህን ሲል የሚያየው ውሻውን ነበር እንጂ እሷን አልነበረም።

ችግሩ ባልና ሚስቱ ገንዘብ ማውጣት አያውቁበትም። ከየት ያውቁታል! ፍሪዘሩ ዱዌይን ባደነው አጋዘንና ባጠመደው ዓሣ ጢም ብሏል። ቲማቲሙ ከጓሮ፣ እንጆሪው ከጓሮ፤ ፀጉራቸውን እንኳ እርስ በርስ ነው የሚቆራረጡት፣ ሲታይም ያስታውቃል። በዚያ ላይ ዱዌይን ውሻው ራስ ላይ እጇን አስጭኖ "ለማይል ብዬ የማያስፈልገንን ዕቃ ብገዛ ፒክል ይንከሰኝ" ብላ እንድትምል አድርጓታል። አንድ ወር ተኩል አልፎ ካርዱ ላይ የወጣው ዘጠኝ መቶ ዶላር አልሞላም።

"ሌላ ሰው ይገዛልኛ!" አለች አንድ ማክሰኞ ጠዋት ጥርሷን እየቦረሸች። አረፋው መስታወቱ ላይ ተረጨ።

ማክሰኞ ማክሰኞ ሰባት ሴቶች ሆነው ክሪስታ ካፌ ቁርስ ይበላሉ። በሚኖሩባት በስዋን ፕሬሪ ከተማ ሂሳብ መክፈል ማለት ትግል ነው፤ "እኔ ልክፈል"፣ "ሞቼ እገኛለሁ"፣ "አንቺ ባለፈው ከፍለሻል" እየተባለ ወረቀቱ ሲጎተት አንዳንዴ ይቀደዳል። ያን ዕለት ግን ማርሊስ ወረቀቱን ገና ከክሪስታ እጅ ሳይወርድ አየር ላይ ቀለበችው።

"እኔ በካርዴ እከፍላለሁ፤ እናንተ ድርሻችሁን በጥሬው ስጡኝ።"

"ምነው? በደህና?" አለች ላቮን። ላቮን ከመንገዱ ማዶ የምትኖር ጎረቤቷ ናት፤ ሳሎኗ መስኮት ላይ "ለወፍ ማያ ነው" የምትለው ሩቅ የሚያሳይ መነጽር አላት። ወፎቹ ሁሉ የማርሊስ ግቢ ነው መሰለኝ የሚውሉት።

"እንዲያ ስለሚመቸኝ ነው" አለች ማርሊስና ገንዘቡን ፖስታ ውስጥ ከተተችው።

እውነቱን ለምን አልተናገረችም? ኧረ እንዴት አድርጋ! በስዋን ፕሬሪ ጉራ ከሌብነት አይተናነስም። አዲስ መኪና የገዛ ሰው እንኳ መጀመሪያ የሚያወራው ስለ መኪናው ጉድለት ነው። ታዲያ "ኒውዚላንድ ልሄድ ነው" ብሎ ካፌ መሃል ማወጅ? እሷ ማርሊስ? አውሮፕላኑ ውስጥ ገብታ ቀበቶዋን እስክታስር ድረስ ትንፍሽ አትልም።

ከዚያ በኋላ የሚያቆማት ጠፋ። አንዱ የበረዶ መጥረጊያ ማሽን ሊገዛ ሲል ደረሰችበት፤ ማሽኑ በእሷ ካርድ፣ ጥሬው በእሷ ፖስታ። የመዘምራኑ አዲስ ልብስ፣ የእህቷ ልጅ ምድጃ፣ የዓሣ አጥማጆቹ ማኅበር ዋንጫ፤ ሁሉም በእሷ ካርድ አለፈ። ፋርማሲ ወረፋ ላይ ከፊቷ የቆመውን ሰውዬ ትከሻ መታ መታ አድርጋ "ይቅርታ፣ ያንን የሳል መድኃኒት እኔ ልክፈልልዎት?" ስትለው ሰውየው ደንግጦ ሳሉ ቆመ። ጥሬውን ዕለቱኑ ባንክ ታስገባለች። ማታ ስልኳን ከፍታ ድምሩን ታያለች፤ አይታም ዱዌይንን ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ራሰ በራውን ትስመዋለች። ሁለት ሺህ! ሁለት ሺህ ስምንት መቶ! ሦስት ሺህ! ለኖሊን የምትጽፈው ደብዳቤ ጥግ ላይ ትንሽ አውሮፕላን መሳል ጀመረች፤ ኖሊን በመልሷ "የሳልሽው ዓሣ ያምራል" አለቻት።

ሦስት ወሩ ሊሞላ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የጎደላት ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ዶላር ብቻ ነበር። ለእሱም መላ አላት፤ ለመኪናዋ አራት የበረዶ ጎማ ጎርዲ ጋራዥ አዛለች፣ ስድስት መቶ አርባ ዶላር። ጎማው የሚደርሰው ልክ በመጨረሻው ቀን ነው። ጎማ ደግሞ የሚያስፈልግ ዕቃ ነው፤ ፒክል አይነክስም።

"በቃ አለቀ!" አለችው ዱዌይንን፤ ኩሽናው ውስጥ እስክስታ ቀረሽ ውዝዋዜ አደረገች።

እሷ አለቀ ትበል እንጂ በላቮን መስኮት በኩል ገና መጀመሩ ነበር። ላቮን ምን አየች? ማርሊስ በየሄደችበት ጥሬ ገንዘብ ስትሰበስብ አየች። ዱዌይን ፒካፑ ላይ "የሚሸጥ" የሚል ወረቀት ሲለጥፍ አየች፤ ሰውየው አነስ ያለ መኪና አምሮት ነው። የዱዌይን ካፖርት ክርኑ ላይ በፕላስተር መለጠፉን አየች፤ እሱ እንኳ ከተለጠፈ አሥር ዓመቱ ነው። ሦስቱን ደማመረችና ልቧ ተሰበረ። ምስኪን ማርሊስ፣ ደኽይታለች።

ታዲያ ሄዶ መጠየቅ አይቻልም? በስዋን ፕሬሪ አይቻልም። እዚያ አገር ቤትህ ቢቃጠል እንኳ "ዛሬ ሞቅ ብሏል አይደል?" ብለው ምግብ ይዘውልህ ይመጣሉ እንጂ ምን ሆንክ ብሎ የሚጠይቅህ የለም። ሰው ማሳፈር ነውር ነው። ላቮንም ነውር አልሠራችም፤ ሆትዲሽ ሠራች። የተፈጨ ሥጋና ወፍራም ሾርባ ተደባልቆ፣ ከላዩ ድንች ተደርድሮበት፣ ምድጃ ገብቶ ቡናማ እስኪሆን የበሰለ፤ በዚያ አገር ለለቅሶም ለወሊድም የሚወሰደው ይኸው ነው።

"እንዲያው ስለበዛብኝ ነው" አለች በሩ ላይ ቆማ። ትሪውን ስታቀብል የማርሊስን እጅ ጨበጥ አድርጋ ያዘችው፤ ቶሎም አልለቀቀችውም። "ማርሊስዬ፣ የሆነ ነገር ብትፈልጊ... አይ፣ እንዲያው ማለቴ ነው።"

"ኧረ ምንም! ሰላም ነኝ፣ ፏ ብያለሁ!"

"ጎበዝ። ጎበዝ የኔ እህት" አለች ላቮን፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ሄደች።

በማግስቱ ሁለት ሆትዲሽ መጣ። በሦስተኛው ቀን ሦስት። "የጉልበትህን ነገር ሰምተው ነው" አለች ማርሊስ ለዱዌይን። ዱዌይን ጉልበቱን አየው፤ ጉልበቱ ምንም አልሆነም፤ ሳህኑን ግን አቀበላት።

ከዚያ ነገሩ ባሰ። በሚቀጥለው ማክሰኞ ማርሊስ ካፌ ካርዷን ብትመዝ ክሪስታ እጇን ወደ ኋላዋ ደበቀች። ክሪስታ በልጅነቷ የማርሊስ ተሳፋሪ ነበረች። ማርሊስ ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማዋን የተማሪ ሰርቪስ ነድታለች፤ ከሃምሳ በታች ያለው የስዋን ፕሬሪ ሰው ሁሉ እስከ ዛሬ "ሹፌርዬ" ነው የሚላት።

"ሹፌርዬ፣ ተከፍሏል።"

"ማን ከፈለ?"

"እንጃ" አለች ክሪስታ ጣሪያ ጣሪያውን እያየች።

ፋርማሲ ሄደች፤ ተከፍሏል። ነዳጅ ቀዳች፤ ተከፍሏል። ፒክልን ጥርሱን ልታሳጥብ የእንስሳት ሐኪሙ ጋ ወስዳ ለመጠባበቂያ ትሁነኝ ያለችው ሁለት መቶ ሰማንያ ዶላር እንኳ ተከፍሏል። ውሻው ነጭ ጥርሱን አግጦ ሲወጣ ማርሊስ እንግዳ መቀበያው ላይ "ማነው እሱ? ማነው የሚጫወትብኝ?" ብላ ጮኸች። ጸሐፊዋ ከረሜላ ሰጠቻት። ለሌላ ሰው ልክፈል ስትልም ሁሉም ደረቱን ይዞ "አይ አይ አይ፣ ያንቺን ያዢ" ይላታል። ሱቅ እንዳትሄድ ቤቱ በሆትዲሽ ተሞልቷል። አንዲት ሳንቲም ማውጣት አቃታት!

"ጎማው አለ" እያለች ራሷን አጽናናች። "ጎማው አለ፣ ጎማው አለ።"

የመጨረሻው ቀን ደረሰ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማርሊስ ጎርዲ ጋራዥ ገብታ አራቱን ጥቁር ጎማዎች መኪናዋ ላይ ተገጥመው ስታይ ልትስማቸው ምንም አልቀራት።

"ስድስት መቶ አርባ ነው አይደል ጎርዲ? ይኸው።"

ጎርዲ እጁን በጨርቅ ይጠርግ ጀመር። እጁ ንጹሕ ነበር።

"ተከፍሏል።"

"ምን አልክ?"

"ተከፍሏል። ተዉት በቃ።"

"ጎርዲ፣ አንተ አራተኛ ክፍል ሆነህም ውሸት አይሆንልህም ነበር። ማነው የከፈለው? ተወው፣ አትንገረኝ፤ ለሰውየው መልስለትና ከእኔ ተቀበል!"

"አልቀበልም።"

"እየለመንኩህ ነው እኮ!"

"ማሽኑ ተበላሽቷል።"

"የምን መበላሸት? መብራቱ በርቶ የለም እንዴ!"

ጎርዲ ቀስ ብሎ ዞረና ሶኬቱን ነቀለው። "አሁን ተበላሽቷል" አለ። ከዚያ ትልቁ ሰውዬ ትከሻዋን ያዝ አደረጋት። "አይዞዎት ሹፌርዬ። ሁሉም ያልፋል።"

ማርሊስ አዲሱን ጎማዋን እያስጮኸች ቤቷ ገባች። "ዱዌይን፣ እንዲህ ዓይነት ጉድ አይተህ ታውቃለህ? ከተማው አብዷል! ገንዘቤን እምቢ አሉኝ!"

ዱዌይን ፊቷን ሲያይ ጋዜጣውን አስቀመጠ፤ ይህን የሚያደርገው በዓመት አንዴ ነው። "መሐላውን አንስቼልሻለሁ። ሂጂና የፈለግሽውን ግዢ።"

ወጣች። የዕቃ መደብሩ ዝግ ነው። የልብስ ሱቁ ዝግ። የምግብ መደብሩ በር ላይ "ዛሬ ቀደም ብለን ዘግተናል" ተብሎ ተጽፏል። በኢንተርኔት ልግዛ ብትል ዕቃው ሲላክ ነው ከካርዱ የሚቆረጠው፤ ዛሬ አይደርስም። መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣ መሪውን ይዛ፣ እንዲያው ሳታስበው፣ ያችን ነፋስ ያጎበጣት ዛፍ አሰበች። ኖሊን ሻይ ይዛ በመስኮቷ ስታይ፤ ብቻዋን። እንባዋ መጣ።

ስልኳ ጮኸ። ላቮን ናት። "ማርሊስዬ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከዱዌይን ጋር ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ብቅ በሉ። ወንበር የሚያነሳ ሰው አጥተን ነው።"

"ወንበር የሚሸጥ አለ?" አለች ማርሊስ።

"ኧረ ምን ሆነሻል? ማንሳት ብቻ!"

ሄዱ። የምድር ቤቱን በር ሲከፍቱ ከተማው በሙሉ እዚያ ነው። ረጃጅም ጠረጴዛ፣ የስፓጌቲ ጭልፋ፣ ጄሎ የሚሉት ካሮት ያለበት የረጋ አረንጓዴ ጣፋጭ፣ መቶ ሃምሳ ሰው። መግቢያው ላይ የአይስክሬም ባልዲ ተቀምጧል፤ እስከ አፉ በዶላር ኖት የተሞላ። ባልዲው ላይ የማርሊስ ፎቶ ተለጥፏል። ሰው ሁሉ የለቅሶ ቤት ፈገግታ ፈገግ አለላት።

"ዱዌይን" አለች በሹክሹክታ፣ "ማነው የሞተው?"

"ፎቶው እንኳ ያንቺ ነው" አለ ዱዌይን።

ላቮን ማይክራፎኑን ይዛ ከወረቀቷ ማንበብ ጀመረች። "ማንም ምንም መናገር አይጠበቅበትም። ብቻ፣ ማርሊስ፣ ሁሉም ሰው ቀን ይጎድልበታል። ጥሬ ገንዘብ ስትለቃቅሚ አይተናል። ፒካፑንም ልትሸጡ እንደሆነ አይተናል። የዱዌይን ካፖርት..."

"ካፖርቴ ምን ሆነ?" አለ ዱዌይን።

ያኔ ለማርሊስ ሁሉም ነገር ፍንትው አለላት፤ ሆትዲሹ፣ ክሪስታ፣ የፒክል ጥርስ፣ የጎርዲ ሶኬት። ከአንገቷ ጀምሮ እስከ ፀጉሯ ሥር ቀላች።

"አልደኸየሁም!" ብላ ጮኸች። "ሰዎች፣ እኔ አልደኸየሁም! ኒውዚላንድ ልሄድ ነው!"

አንድ ሰው ሹካ ጣለ።

ማርሊስ ግን አንዴ ተከፈተች፤ ማን ይዝጋት። ኖሊንን ነገረቻቸው፤ ሃምሳ ሰባት ዓመቱን፣ መስኮቷን፣ እርሻው በመጋቢት ሊሸጥ መሆኑን ነገረቻቸው። ካርዱን ከደረቷ አውጥታ አሳየቻቸው። "ጉራ እንዳይሆንብኝ ብዬ ደበቅኩ! ለሰው ስከፍል የነበረው ማይሉን ለማግኘት ነው። ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ዶላር ቀርቶኛል፤ ቀኑ ዛሬ ነው፤ እናንተ ደግሞ፣ እግዜር ይስጣችሁ፣ አንዲት ነገር እንዳልገዛ አድርጋችሁ በደግነት ልትገድሉኝ ነው!"

መጀመሪያ ክሪስታ ናት አፍንጫዋን ይዛ ሳቋ ያመለጣት። ከዚያ ጎርዲ። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። ሳቁ ከሆድ ነው የወጣው፤ ሽማግሌዎቹ ጠረጴዛ መቱ፣ አንዷ ጄሎዋ ላይ ተደፋች። ላቮን ብቻ ፊቷን በሽርጧ ሸፍና ቁጭ አለች።

"ዘጠኝ ሆትዲሽ!" አለች ከሽርጡ ውስጥ። "ዘጠኝ ሆትዲሽ አስወሰድኩባት!"

"አሥራ አንድ ነው" አለ ዱዌይን። "ያንቺ ይበልጣል ግን። ድንቹ ጠርቀም ያለ ነው።"

ላቮን ሽርጧን ገለጥ አደረገች። "እውነትህን ነው?"

ማርሊስ ባልዲውን አንስታ በየጠረጴዛው መዞር ጀመረች። "እያንዳንዳችሁ ያስገባችሁትን ውሰዱ።" ማን ይወስዳል! ያ የካፌው ትግል እንደገና ተነሳ፤ "በሞቴ ያዢው"፣ "እኔ ልሙት አልነካውም" እየተባባሉ ባልዲውን ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ሲገፋፉት ተመልሶ ማርሊስ እጅ ገባ።

"ታዲያ አቶ ዱዌይን ለምን አብረው አይሄዱም?" አለች ክሪስታ።

"እሱማ ከመሰላል ሦስተኛው..." ብላ ጀመረች ማርሊስ።

ዱዌይን ጉሮሮውን ጠረገ። እጁን ያ የተለጠፈ ካፖርቱ ውስጥ ሰደደና ትንሽ ሰማያዊ ደብተር አውጥቶ ከስፓጌቲው አጠገብ አስቀመጠ።

ማርሊስ ገለጠችው። ፓስፖርት ነው። ፎቶው ላይ ዱዌይን ፀጉሩን በውሃ አስተኝቶ ደንግጦ ያያል።

"መቼ አወጣኸው?"

"ካርዱ የመጣ ሰሞን።"

"አንተ ከፍታ ትፈራለህ እኮ!"

"እፈራለሁ።" ጆሮው ቀላ። "ማይሉ የአንድ ሰው ነው። እኔም ልምጣ ብልሽ የሁለት ሰው ካልሞላሁ ብለሽ ራስሽን ልትገድይ ነው። ግን እንዲያው ምናልባት... እንዲያው ይኑር ብዬ ነው። ለነገሩ ያችን መስኮት እኔም አርባ አራት ዓመት ሙሉ ስትነበብልኝ ሰምቻታለሁ።"

ማርሊስ ፓስፖርቱን ከደነች። ሄዳ አንገቱ ሥር ተወሸቀች።

ጎርዲ በዚህ መሃል ባልዲውን ቆጥሯል። "አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ አሥራ ሁለት" አለ። ክሪስታ በስልኳ ትኬት አይታለች። "አንድ ሺህ ስምንት መቶ ሰባ። ትኬት ደግሞ እንደ ዕቃ አይደለም፣ አሁኑኑ ነው ከካርዱ የሚቆረጠው!"

"አይሆንም" አለች ማርሊስ እንባዋን እየጠረገች። "ይሄ ለችግረኛ የተሰበሰበ ነው። እኔ ችግረኛ አይደለሁም።"

ጎርዲ ተነሳ። "አራተኛ ክፍል ሳለሁ በየጠዋቱ አንድ እግር ጫማ ይጠፋኝ ነበር" አለ። "እናቴ ሌሊት ሠራተኛ ነበረች፤ የሚፈልግልኝ ሰው የለም። እርስዎ ዳገቱ ላይ ያንን ሰርቪስ አቁመው ይጠብቁኝ ነበር። አራት ደቂቃ፣ አምስት ደቂቃ። ጥለውኝ ሄደው አያውቁም። አንድ ቀንም ሂሳብ አልጠየቁኝም። ይኸው፣ የሰርቪስ ነው።"

"እኔ ሦስት ጊዜ አስመልሼበታለሁ!" አለች ክሪስታ። "የእኔ ይበልጣል!"

"እኔን ከሐይቁ ዳር ነው የመለሱኝ!" አለ ሌላው ከኋላ። "እኔ መስኮት ሰብሬያለሁ!" "እኔ ልደቴ ቀን ዘፍነውልኛል!" ከየጠረጴዛው እየተነሳ የሚናገረው በዛ፤ ሁሉም የሰርቪሱን ሂሳብ ካልከፈልን አለ። ማርሊስ በሁለት እጇ አፏን ይዛ አለቀሰች፤ እየሳቀችም ነበር፤ ሁለቱን መለየት አይቻልም።

"እሺ!" አለች በመጨረሻ። "እሺ በቃ! ግን አንድ ነገር ስሙኝ።" ካርዱን ወደ ላይ አነሳችው። "ጥሬውን ነገ ባንክ አስገባለሁ። ትኬቱ ግን በካርዴ ነው!"

ጣሪያው በሳቅ ሊነሳ ደረሰ። የካርዱን ቁጥር እሷ አነበበች፣ ክሪስታ ጻፈች፣ መቶ ሃምሳ ሰው ትንፋሹን ዋጠ። ትንሿ ክብ ዞረች፣ ዞረች። ከዚያ ስልኩ ላይ አንድ ቃል ወጣ፦ ተከፍሏል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ያሳበዳት ያ ቃል ነው። ማርሊስ ጮኻ ስልኩን ሳመችው፤ የክሪስታ ስልክ መሆኑን እንኳ ረስታዋለች።

ሰባ ሺሁ ማይል በሳምንቱ ገባ። የማርሊስ ወንበር ከዱዌይን አጠገብ ተያዘ፤ መስኮቱ ለእሷ፣ መተላለፊያው ለእሱ፣ ወደ ታች እንዳያይ። ለኖሊን የጻፈችው ደብዳቤ አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ "ሦስት ስኒ አዘጋጂ።"

የሚሄዱበት ቀን በየካቲት ነበር፤ ጠዋቱ በረዶ ነው፣ አየሩ ጥርስ ያንገጫግጫል። ጎርዲ ጋራዡ ውስጥ ቆሞ የነበረውን የማርሊስን አሮጌ ቢጫ ሰርቪስ አስነስቶ አውሮፕላን ማረፊያ ሊያደርሳቸው በራቸው ላይ ቆመ። ውስጡ ሃያ ሸኚ አለ። ላቮን ፒክልን አቅፋለች፤ ጭኗ ላይ ሆትዲሽ አለ፣ "ለመንገድ" ብላ። ዱዌይን የፊተኛው ወንበር ላይ ብረቱን በሁለት እጁ ጨብጦ ተቀምጧል፤ መኪናው ገና አልተነሳም።

ማርሊስ ግን የለችም።

"ምን ሆነች?" አለች ላቮን። "አውሮፕላኑ እኮ አይጠብቅም!"

ከቤቱ ውስጥ የመሳቢያ ጩኸት ተሰማ፣ የቁም ሳጥን ጩኸት ተሰማ። ከዚያ የማርሊስ ድምፅ፦ "ዱዌይን! አንዱ ጫማዬ የት ገባ?"

አውቶቡሱ ውስጥ ያለው ሁሉ ወደ ጎርዲ ዞረ። ጎርዲ ሰዓቱን አየ። ማርሹን አወጣ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳበ፣ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ወደ ኋላ ተደገፈ።

"ይፈልጉት" አለ። "እንጠብቃቸዋለን።"